አባቷ ያላሉት ቃል

ትምህርት ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ከልጅ ልጄ ጋር ሮቫ ሔት በሚባለው ሰፈራችን ወዳለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሄድሁ። በዚያ ሰሞን እዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ ያለ ወላጅ ሁሉ አንድ ወረፋ ላይ ይቆማል፤ የመጽሐፍ መሸፈኛ ላስቲክ ለመግዛት። ሻጩ ጥቅልሉን ተርትሮ በመቀስ ሲቆርጠው የአዲስ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። መጥፎም ጥሩም የማይባል ሽታ ነው። እኔ ግን ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ልጅቱ እጄን ጎተት አድርጋ፣ «ሳቭታ፣ ተራችን ደርሷል እኮ» አለችኝ። ሳቭታ የሚሉን አያት ለማለት ነው። ተራዬን ከኋላዬ ላለው ሰው ለቅቄ ትንሽ ቆምሁ። ልቤ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ፣ በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ ከአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

ያን ጊዜ ሮቫ ሔት እንዲህ አልነበረም። ዛሬ ፎቅ የቆመበት ብዙው ቦታ አሸዋ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከባሕር ሲነሣ አሸዋው በመስኮት ገብቶ አልጋችን ላይ ይተኛል። ግማሽ ፈላፍል በአምስት ሸቀል ይገኛል፤ ልጆቹ ሰላጣው በክርናቸው እስኪወርድ ድረስ «ጨምር፣ ጨምር» ይሉታል ባለሱቁን። የእጅ ስልክ አንቴና ነበረው። ጎንደር ለመደወል ካርድ ገዝተን፣ በሳንቲም ጫፍ ፍቀን፣ ያን ሁሉ ቁጥር ተጭነን፣ ገና «እንደምን ከረማችሁ» ተባብለን ሳንጨርስ አንዲት ሴት በመስመሩ ገብታ ደቂቃው አለቀ ትለናለች። እኛ ሴቶቹ በረጅም የጂንስ ቀሚስ ላይ ነጠላ እንደርባለን፤ ወጣቶቹ ሱሪያቸው መንገዱን ይጠርጋል። ሰንበት ሲወጣ ከእኛ በረንዳ የአማርኛ ካሴት፣ ከጎረቤት የሞሮኮ ዘፈን፣ ከላይኛው ፎቅ የሩስያ ቴሌቪዥን ይለቀቅና ሁሉም ደረጃው ላይ ይገናኛል። ማንም ማንንም ዝም በል አይልም ነበር። ዛሬ ሁሉም ጆሮው ውስጥ ሽቦ ሰክቶ ብቻውን ይሰማል።

ትምህርት ቤቷ ከምንኖርበት ሕንፃ ሁለት መንገድ አለፍ ብላ ነበር። ትንሽ ናት፤ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ድረስ ለየክፍሉ አንድ አንድ ክፍል ብቻ። በሯ ላይ ሁለት ትልልቅ ዛፎች ነበሩ፤ ፍሬያቸው ይወድቅና በልጆቹ ጫማ ተለጥፎ ክፍል ድረስ ይገባል። እኔ እዚያ መጋሼሬት ነበርሁ። መጋሼሬት ማለት በወላጅና በትምህርት ቤት መሃል ቆሞ የሚያስተረጉምና የሚያገናኝ ሰው ነው። ጎንደር ሳለሁ አስተማሪ ነበርሁ። በአውሮፕላን ከመጣን በኋላ ስድስት ዓመት ቢሮ ጠርጌ፣ ቋንቋውን ለምጄ፣ ኮርስ ወስጄ ነው ተመልሼ ትምህርት ቤት ደጅ የረገጥሁት። በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን የደወሉን ድምፅ ስሰማ አለቀስሁ፤ ለማንም አልተናገርሁም እንጂ።

የእኛዋ ትምህርት ቤት በፈተና ውጤት ከኋላ ነበረች። ይህን ለማወቅ ጋዜጣ ማንበብ አያስፈልግም። መኪና ያለው ወላጅ ልጁን እያነሣ ሮቫ ዩድ ወደሚባለው ሰፈር ትምህርት ቤት ይወስዳል፤ ዓመት በመጣ ቁጥር ባዶ ወንበር ይበዛል። ርእሰ መምህርቷ ሪቭቃ ትባላለች። ወላጆቿ ከሞሮኮ የመጡ፣ አጭር፣ ድምፀ ሻካራ ሴት ናት። ከበላይ የመጡ ሰዎች፣ ውጤቱ ካልተሻለ ትምህርት ቤቱ እንደሚዘጋ ፊት ለፊት ነግረዋታል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣች ከዓይኗ ይታወቅ ነበር።

በዚያው ዓመት፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ የሰባት ልጆች ስም ዝርዝር ወጣ። ሰባቱም ወደ ልዩ ትምህርት እንዲዛወሩ የታሰቡ፣ ሰባቱም የእኛ የኢትዮጵያውያኑ ልጆች። ልዩ ትምህርት የሚያስፈልገው ልጅ አለ፤ ገብቶ የተጠቀመም አውቃለሁ። ግን ሰባቱም? የእኔ ሥራ ወላጆቹን ጠርቶ የሚወስነውን ኮሚቴ ሐሳብ ማስረዳት፣ ቀጥሎም የሚፈርሙበትን ቦታ ማሳየት ነበር። «ልጅዎ የበለጠ እርዳታ ታገኛለች» እላለሁ፤ ጣቴን መስመሩ ላይ አሳርፋለሁ። እነሱም እኔን አምነው ይፈርማሉ። አራቱ ወላጆች እንዲህ ፈረሙ። አምስተኛዋ ያለምወርቅ ነበረች።

ያለምወርቅ ብለው ያወጡላት አባቷ አቶ ፈረደ ናቸው። ስሙ ረዝሞባቸው አስተማሪዎቿ ያኤል አሏት። ሦስተኛ ክፍል ነበረች፤ ቀጭን፣ ጸጉሯ በሁለት የተጎነጎነ፣ የትምህርት ቤቱ ካናቴራ ጉልበቷ ድረስ የሚወርድ። ክፍል ውስጥ አትናገርም። ሲጠይቋት ጠረጴዛዋን ታያለች። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ትቀራለች። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ፈትናት፣ ቋንቋዋ ደካማ ነው፣ የመረዳት አቅሟም ውሱን ነው ብላ ጻፈች። ወረቀቱን ሳነብ እኔም አመንሁ። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

አንድ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የግፊት መድኃኒቴን ላወጣ ኩፓት ሆሊም፣ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ፣ ሄድሁ። ከነርሷ ጠረጴዛ ፊት ያለምወርቅ በእግሯ ጣቶች ቆማለች። እናቷ ወይዘሮ እናኑ ኩላሊታቸውን ይታመሙ ነበርና ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ልጅቱ በዕብራይስጥ እንዲህ ትላለች፦ «ሕመሙ ጀርባዋ ላይ ነው። የሚያቃጥል ዓይነት አይደለም፤ የሚጫን ዓይነት ነው። አዲሱ መድኃኒት ያቅለሸልሻታል፣ በተለይ ሳትበላ ስትወስደው።» ነርሷ ስትመልስ ልጅቱ ወደ እናቷ ዞራ በጥሩ አማርኛ ታስረዳለች፤ እናቷ ያልገባቸውን በሌላ ቃል ትደግመዋለች። ያ ሲያልቅ ወንበር ላይ የነበሩ ሁለት እናቶች ተነሡ። ለካ ወረፋ የያዙት ለነርሷ ሳይሆን ለልጅቱ ኖሯል።

«ያለምወርቅ፣ ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አልኋት።

«አለ፣ እትዬ አበራሽ። እማዬ ግን ቀጠሮ አላት። ሐሙስም አላት።» እንደ ትልቅ ሰው ቀጠሮዋን ዘረዘረችልኝ።

በማግስቱ ከክፍል አስፈቅጄ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወሰድኋት። ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ባለው የጦርነት መጠለያ ውስጥ ነበር፤ በሩ ወፍራም ብረት፣ መስኮት የለው፣ ግድግዳው ላይ ልጆች የሳሏቸው ዓሦች አሉ። የክፍሏን መጽሐፍ ሰጥቼ አንብቢልኝ አልኋት። ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ ሳትደናቀፍ አነበበች። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ጣቷ ከቃሉ ጋር እንደማይሄድ አየሁ። እጄን ዘርግቼ ገጹን በመዳፌ ሸፈንሁት። ንባቡ አልቆመም። እስከ መጨረሻው ድረስ ወረደችው።

ሌሎቹ ልጆች ሲያነቡ ሰምታ በቃሏ ይዛው ኖሯል። አንደኛ ክፍል ፊደል ሲቆጠር እናቷ ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ እሷም ከእሳቸው አልጋ አጠገብ። የተመለሰችው ሁሉም ካወቀ በኋላ ነው። አንገቷን ደፍታ፣ «እትዬ፣ ለማንም አይንገሩብኝ» አለችኝ።

ለሪቭቃ ነገርኋት። «ታዲያ ይኼ እኮ ኮሚቴው ያለውን ነው የሚያረጋግጠው። ማንበብ አትችልም» አለችኝ።

«አልተማረችም እንጂ አትችልም አይባልም።»

«በሚቀጥለው ሳምንት ይሰበሰባሉ። እዚያ ተናገሪ» ብላ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

የስብሰባው ቀን ጠዋት በከተማው ሌላ ጫፍ በማገለግልበት ሌላ ትምህርት ቤት ነበርሁ። አውቶቡሱ ዘገየ። ሮጬ ስደርስ ግማሽ ሰዓት አልፏል። በሩን ስከፍት ሪቭቃ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋና ከከተማው አስተዳደር የመጣ አንድ ሰው በጠረጴዛው በአንድ ወገን ተቀምጠዋል። በሌላው ወገን አቶ ፈረደ፤ አድ ሃሎም በሚባለው ሰፈር ካለው መጋዘን በሥራ ልብሳቸው ነው የመጡት፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። በመሃል ያለምወርቅ ቆማለች። አስተርጓሚ ሲጠፋ ልጅቱን ከክፍል ጠርተዋት ኖሯል። ልጅ ስለ ራሷ ጉዳይ ማስተርጎም የለባትም። ልተካት ወንበር ስስብ ሪቭቃ እጇን አነሣችብኝ፤ ቆዪ ማለቷ ነው። ዓይኗ ከልጅቱ ላይ አልተነሣም።

ባለሙያዋ ወረቀቷን እያየች፣ «የልጅቷ የመረዳት አቅም ከዕድሜዋ በታች ነው። ረቂቅ ሐሳብ ለመያዝ ትቸገራለች» አለች።

ረቂቅ የሚለውን እኔ እንኳ ምን ብዬ እንደምተረጉመው እያሰብሁ ሳለ፣ ያለምወርቅ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ የልጅቱ አእምሮ ከዕድሜዋ ወደ ኋላ ነው ትላለች። በዓይን የማይታይ፣ በእጅ የማይዳሰስ ነገር ሲነግሯት አይገባትም ትላለች።»

«ልጅቱ» አለች እንጂ «እኔ» አላለችም። ድምጿም አልተሰበረም። ጤና ጣቢያ ውስጥ ስለ ሰው ሕመም እንደምታወራው ነው የተናገረችው።

ከአስተዳደሩ የመጣው ሰው፣ «አባትየው ይስማማሉ?» ሲል ጠየቀ።

«አባዬ፣ ትስማማለህ ወይ ይልሃል።»

አቶ ፈረደ ተነሡ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እንዲህ አሉ፦ «በያቸው፤ እኛ ያልተማርን ሰዎች ነን። የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ደግ መስሎ የታያቸውን ያድርጉ፣ እፈርማለሁ። እግዜር ይስጥልኝ በያቸው።»

ያለምወርቅ ዝም አለች። ካናቴራዋን ወደ ታች ጎተት አድርጋ፣ በዕብራይስጥ፣ «አባቴ አይስማማም» አለች። «እዚሁ ትምህርት ቤት እንድትቆይ ይፈልጋል። አንድ ዓመት ስጧት ይላል።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ከልጅቱ ሌላ ሁለቱንም ቋንቋ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ደመወዝ የሚከፈለኝ የተባለውን ቃል በቃል እንዳስተላልፍ ነው፤ ኮርሱ ላይም የማልሁት መሐላ ይኸው ነው። ዋሸች ብል ልክ ነኝ። ልጅቱ አንድ ጊዜ አየችኝ። ልመና አልነበረውም አስተያየቷ፤ የማደርገውን ለማወቅ ብቻ ነው ያየችኝ። በዚያች ቅጽበት ፊቴ ላይ የመጡት እነዚያ የፈረሙት አራት ወላጆችና መስመሩን ያሳየሁባት ጣቴ ናቸው።

«መጋሼሬት፣ የምትጨምሪው አለ?» አለኝ ሰውየው።

«የለኝም» አልሁ።

ሪቭቃ ቶሎ ብላ ጻፈች፤ ከዚያ መዝገቡን ዘጋችው። «አባት ተቃውመዋል። አንድ ዓመት እንጠብቃለን።»

ኮሪደሩ ላይ አቶ ፈረደ እስክሪብቶ ከኪሳቸው አውጥተው፣ «የት ላይ ነው የምፈርመው?» ይላሉ። ያለምወርቅ፣ «አያስፈልግም አሉ፣ አባዬ» ብላ ወደ ክፍሏ ሮጠች።

እኔ ግን እንዲያ ልተወው አልቻልሁም። በዚያው ዕለት ከሥራ ስወጣ ቤታቸው ሄድሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ ናቸው። ወይዘሮ እናኑ ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል። ልጅቱ የወጥ ቤቱን በር ይዛ ቆመች። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ እሳቸው ያሉትን፣ እሷ ያለችውን፣ እኔም ዝም ማለቴን።

«እንዲህ አለች?» አሉኝ አቶ ፈረደ።

«አዎ።»

«በእኔ ስም?»

«በአንቱ ስም።»

ይቆጣሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «መምህርት፣ እኔ ልለው የሄድሁት እሱን ነበር» አሉ። «ከአድ ሃሎም እስክመጣ አውቶቡሱ ውስጥ ስለማመደው ነበር። ገብቼ ወረቀቱን ሳይ፣ ሰዎቹን ሳይ፣ አፌ ሌላ አወጣ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ከዛሬ ወዲያ በእኔ አፍ ያላልሁትን እንዳትናገሪ። የሚባለውን እኔው እላለሁ። ገባሽ?»

«ገባኝ፣ አባዬ» አለች። ፈገግታዋን ግን አልደበቀችውም።

ቃላቸውንም ጠበቁ። በዚያው ሳምንት ለአለቃቸው፣ በተሰባበረ ዕብራይስጣቸው፣ «ሚስት ታማለች፣ ልጅ መማር አለባት፣ እኔ ጠዋት አልችልም» ብለው ፈረቃቸውን ወደ ከሰዓት አስቀየሩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት በዚያ መጋዘን ሲሠሩ አንድ ነገር ሲጠይቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ሚስታቸውን ጤና ጣቢያ የሚያደርሱ እሳቸው ሆኑ። ለማስተርጎሙ እኔና ቋንቋውን የሚያውቁ ሁለት ወጣት እናቶች ተራ ገባን፤ በልጅቱ ፊት ወረፋ ይይዙ የነበሩትንም እናቶች እኛው ተረከብናቸው።

እኔና ያለምወርቅ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ መጠለያው ውስጥ እንቀመጥ ነበር። ያነበብነው መጀመሪያ የእናቷን የመድኃኒት ካርቶን ነው፤ የመድኃኒቶቹን ስም በቃሏ ስለምታውቅ ፊደሉን ከድምፁ ጋር ታገናኘዋለች ብዬ። ቀላል አልነበረም። ዳሌትና ሬሽ የሚባሉት ፊደላት እንደ መንታ ይመስላሉና ሁልጊዜ ይምታቱባታል። ትናደዳለች፣ እርሳሱን ትወረውራለች። በፋሲካ ሰሞን አንድ ቀን መጽሐፉን ገፋ አድርጋ፣ «እትዬ፣ እነዚያ ሰዎች ልክ ናቸው መሰለኝ» አለች። ጎንደር ያስተማርሁበት ዘመን ሁሉ ለዚያች ቃል አላዘጋጀኝም።

ማንበቡን ተውነውና በዚያ ሰሞን የመጡ አዲስ መጻሕፍት ነበሩ፣ እነሱን በላስቲክ እንሸፍን ጀመር። እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ ታጥፋለች። አሥረኛው ይሁን አሥራ አንደኛው ላይ እጇ ቆመ። የመጽሐፉን ሽፋን እያየች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ዝ... ዝናቡን የ... የፈራው ደመና» አለች በዕብራይስጥ።

«ይህን መጽሐፍ ማን አንብቦልሽ ያውቃል?»

«ማንም። ገና ዛሬ መጣ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ያለችው ለራሷም ገባት። ዓይኗ ተከፈተ። ቀና ብላ የሚቀጥለውን አነሣች፤ ከዚያም የሚቀጥለውን። የቀሩትን መጻሕፍት ብቻዬን ሸፈንሁ።

ከዝርዝሩ የቀሩትን ሁለት ወላጆች ኮሚቴው ፊት ከመግባታቸው በፊት አስቀምጬ፣ «አልስማማም ማለት ይቻላል፤ እስማማለሁ ማለትም ይቻላል» አልኋቸው። አንደኛዋ እናት እምቢ አሉ። ሌላው አባት አስበው ፈረሙ፤ ልጃቸው በእውነት የሚያስፈልገው ነበርና ተጠቀመበት። ቀድመው ወደፈረሙት አራት ቤቶችም በየተራ ሄድሁ። አንዱ ልጅ ተመለሰ። ሦስቱ አልተመለሱም። እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ከእናቶቻቸው አንዷን ሳገኝ ሰላምታዬ ይረዝማል።

ያለምወርቅ በዓመቱ እንደገና ተፈተነች። የክፍሉ አንደኛ አልሆነችም፤ ሒሳብ እስከ መጨረሻው አስቸግሯታል። ግን ከጓደኞቿ ጋር ስድስተኛን ጨርሳ ወጣች። አሁን ሠላሳን ይዛለች። ወደቡ ላይ ከመርከብ የሚወርድ ዕቃ ሰነድ ትመረምራለች፤ ቀኑን ሙሉ ማንበብ ነው ሥራዋ። ወይዘሮ እናኑ የልጃቸውን ወታደርነት አይተው ነው ያረፉት። አቶ ፈረደ ጡረታ ወጥተው የሕንፃቸው ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የሚስማሙበት ነገር የለም ይባላል።

ትምህርት ቤቷን ግን አላዳንናትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሌላ ጋር ተዋሐደች፤ ሪቭቃም በዚያው ጡረታ ወጣች። የመሰናበቻው ዕለት ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ያን ሁሉ ዓመት የያዝሁትን ነገርኋት። «ያን ቀን አባቷ አልስማማም አላሉም ነበር» አልኋት።

ሪቭቃ አልደነገጠችም። «አማርኛ አልችልም፣ አበራሽ» አለችኝ። «ሰው ግን አያለሁ። አንገቱን ደፍቶ አመስግኖ የተቀመጠ ሰው እምቢ ብሎ ነው?»

«ታዲያ ለምን ጻፍሽው?»

«በልጅነቴ ለእናቴ የማስተረጉም እኔ ነበርሁ» አለች። «ታናሽ ወንድሜን ወደ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ሊወስዱ ሲመጡ እናቴ እነሱ ያውቃሉ አለች። እኔ ቃል በቃል ተረጎምሁት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወሰዱት።» ግቢው ውስጥ ወደሚሯሯጡት ልጆች እያየች ቀጠለች፦ «ስለዚህ ያኤል ዝም ስትል፣ ብዕሬን ይዤ ነበር የምጠብቃት። አይስማማም እንዳለች፣ ማንም ሐሳቡን ሳይለውጥ ቶሎ ጻፍሁት።»